ሲወድቅ የት ይምጣ?

ጡረታ የወጣሁ ዕለት በመሥሪያ ቤቴ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተጥሎ፣ ለስላሳ ታድሎ፣ ጋቢ አለበሱኝ። እስከዚህ ደህና ነበር። ኋላ ግን ከላይ የመጣ አንድ ወጣት ኃላፊ ድምፅ ማጉያውን ይዞ፣ «እናታችን ሲስተር ዓለምነሽ መድኃኒት ለሌለው ሱስ ዕድሜያቸውን የሰጡ ባለሙያ ናቸው» ሲል ደሜ ፈላ። «ልጄ፣ መድኃኒት የለውም ያለህ ማነው?» አልሁት ከተቀመጥሁበት። ሰዉ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ እሱም አብሮ ስቆ ወደ ሽልማቱ አለፈ። እኔ አልቀለድሁም። ያን ዕለት አፌ ላይ የቀረውን ነው አሁን የምጽፈው።

ሱሱ የካናቢስ ሱስ ነው። ባላገሩ ሐሺሽ ይለዋል፤ የቡሬ ወጣቶች ጋንጃ ይሉታል። በእኛ አገር በዚህ ለተያዘ ሰው ፍርዱ ቶሎ ነው የሚሰጠው። አንዱ ባለጌ ነውና ፖሊስ ይውሰደው ይላል፣ ሌላው ሰይጣን ነውና በገመድ ታስሮ ይጠመቅ ይላል። ታሟልና ይታከም የሚል ሰው ለማግኘት ስንት ዓመት እንደ ፈጀብኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሥራ የጀመርሁት በጤና ረዳትነት፣ ከግሽ ዓባይ ወዲያ ባለች ትንሽ ጤና ጣቢያ ነው። ወባ፣ ወሊድ፣ በሬ የወጋው፣ የመጣውን ሁሉ እንቀበላለን። ወደ ግሽ ዓባይ ጠበል የሚሄዱ ሰዎች በበራችን ያልፉ ነበርና የታመመ ዘመዳቸውን የእጅ አንጓ ሊያሳዩን ጎራ ይላሉ። የታሰረበት ገመድ ቆዳውን ልጦት ይመጣል። እኔም ቁስሉን አጥቤ፣ ቅባት ቀብቼ፣ በፋሻ ጠቅልዬ እሸኛለሁ። አንድ ቀን አንዱ ጎልማሳ ፋሻውን እያየ፣ «እጄንስ ጠቀለላችሁልኝ፤ ራሴን ማን ይይልኝ?» አለኝ። በዓመቱ የአእምሮ ጤና ነርሲንግ ትምህርት ሲመጣ፣ ጓደኞቼ «የእብድ ሐኪም ልትሆኝ ነው?» እያሉ ሲስቁብኝ ተመዘገብሁ። ደመወዙ ከበፊቱ ብዙም አልተለየም። እኔ ግን ተለየሁ።

ከትምህርቱ በኋላ የተመደብሁት ቡሬ ነው። ቡሬ የመንገድ ከተማ ናት፤ ወደ ነቀምት የሚወርደው የጭነት መኪና፣ እህል የሚጭነው፣ የሚያወርደው፣ ለሥራ ከየገጠሩ የመጣው ወጣት፣ ተማሪው፣ ሁሉም እዚያ ይገናኛል። ጋንጃውም እዚያ ይገናኛል። በዚያ ክፍል የቀደሙኝ ጋሼ ዋሴ የሚባሉ አዛውንት ነርስ ነበሩ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጋዋናቸውን ራሳቸው የሚተኩሱ ሰው ናቸው። የማውቀውን ሙያ ግማሹን ከትምህርት ቤት፣ ግማሹን ከእሳቸው ነው ያገኘሁት፤ የሚበልጠው ግማሽ የእሳቸው ነው።

ጋሼ ዋሴ ከጠረጴዛ ኋላ አይቀመጡም። በሽተኛ ሲገባ ወንበራቸውን አንሥተው ከጎኑ ይቀመጣሉ፤ ሁለቱም ወደ መስኮቱ እያዩ ያወራሉ። ዓይን ለዓይን የተገጠመ ሰው ይዋሻል ይሉ ነበር። ካርድ ላይ የራሳቸውን አባባል አይጽፉም፤ በሽተኛው ያለውን ቃል በቃል ነው የሚያሰፍሩት። ቀጠሮም በቁጥር አይሰጡም። «የሚካኤል ማግስት ና»፣ «ከማርያም በኋላ ባለው ሰኞ ነይ» ነው የሚሉት። የገጠሩ ሰው ዓሥራ ሦስትን ይረሳል፣ የሚካኤልን ማግስት ግን አይረሳም። በበዓሉ ዕለት ደግሞ አይቀጥሩም፤ ቤተ ክርስቲያንና ክሊኒክን አታጣሉ ይላሉ።

ከሁሉ የገረመኝ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ነው። እኛ የተማርነው ሱሱ ከሰውየው ምን እንደ ወሰደ መጠየቅ ነበር። እሳቸው «ምን ይሰጥሃል?» ነው የሚሉት። መጀመሪያ ስሰማ የሚያበረታቱት መስሎኝ ተሳቀቅሁ። ሹፌሩ «እንቅልፍ» ይላል። ጫኝና አውራጁ «የወገብ ሕመሜን ያስረሳኛል» ይላል። አንዲት ተማሪ፣ «ሰው መሀል ስቀመጥ አልፈራም» አለች። እሷ ስትወጣ ጋሼ ዋሴ ወደ እኔ ዞረው፣ «ምን እንደሚሰጣት ሳታውቂ ምን ልትተኪላት ነው?» አሉኝ። ያቺን ልጅ ያከምናት ለፍርሃቷ ነው። ፍርሃቱ ሲቀል ጋንጃውም አብሮ ቀለለ።

እዚህ ላይ ያ ወጣት ኃላፊ ቢያነበኝ ደስ ይለኛል። ክኒን የለውም ማለትና ሕክምና የለውም ማለት አንድ አይደለም። ውጠውት ጋንጃን የሚያስጠላ ክኒን እስከ ዛሬ በእጄ አልገባም፤ ይህን አልደብቅም። ግን ሰው ሲያቆም ምን እንደሚመጣበት እናውቃለን። የመጀመሪያው ሳምንት ክፉ ነው። እንቅልፍ ይጠፋል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ሰውየው በትንሹም በትልቁም ይቆጣል፣ ሲተኛ ደግሞ የሚያቃዥ ሕልም ያያል። ቤተሰቡ ይህን አስቀድሞ ካልሰማ «ባሰበት» ብሎ ጋንጃውን ራሱ ገዝቶ ይሰጠዋል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ እናትየውን፣ ሚስትየውን ቁጭ አድርገን እንነግራቸዋለን፦ ኪሱን አትበርብሩ፣ አትስደቡት፣ ሾርባ ስጡት፣ ቀን አታስተኙት፣ ያልፋል። ከበሽተኛው ጋር ደግሞ ከማጨሱ በፊት ያለችውን ሰዓት እንፈልጋለን። የት ነበርህ? ከማን ጋር? እጅህ ምን ይሠራ ነበር? ያቺን ሰዓት ያገኘ ሰው መንገዱን መቀየር ይችላል። ድምፅ የሚሰማው፣ ሰው ሁሉ የሚያሳድደው የሚመስለው ካለ ለዚያ መድኃኒት አለን፤ እንሰጣለን። ጠበል ልሂድ ካለም ይሂድ፣ ክኒኑን ግን በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ ይሂድ እላለሁ። ስንቱን አጥማቂ በዚህ ጉዳይ ተከራክሬ አሳምኛለሁ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አውቄ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ።

ሙላት የሚባል የአይሱዙ ሹፌር ነበር። ተጫዋች፣ መኪናውን እንደ ሙሽራ የሚያጥብ፣ የሁለት ልጆች አባት። ማንም ሳይጎትተው በራሱ እግር መጣ። «ሲስተር፣ ትንሿ ልጄ ስገባ ትሸሸኛለች። ይኸን ነገር አስጥሉኝ» አለኝ። ሁለት ጊዜ አቆመ፣ ሁለት ጊዜ ተመለሰበት። ሁለቱንም ጊዜ መጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «አጨስሁ» ብሎ ነገረኝ። ዛሬ ሳስበው ያ ትልቅ ነገር ነበር። ያኔ ግን እንደ ሽንፈት ቆጠርሁት፤ ቸኮልሁ።

በእኛ አገር ከፖሊስም ከዳኛም በላይ የሚፈራ ነገር አለ፤ ግዝት ነው። የንስሐ አባት መስቀላቸውን ይዘው «ይህን ነገር ዳግም ብትነካ ገዝቻለሁ» ካሉ አለቀ። ግዝት ያፈረሰ ሰው እስኪፈታለት ድረስ ቤተ ክርስቲያን አይገባም፣ መስቀል አይሳለምም፤ የበላበት ማዕድ፣ የነካው ልጅ ሁሉ መቅሠፍት የሚያገኘው ይመስለዋል። እኔ የዚሁ አገር ልጅ ነኝና ይህን ኃይል ለምን አልጠቀምበትም አልሁ። ጋሼ ዋሴ በዚያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው ነበር፤ አላማከርኋቸውም። የሙላትን ሚስት ደብሬን «የንስሐ አባታችሁን ጥሪ» ያልኋት እኔ ነኝ። ቤታቸው ሄጄ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ሲገዘት አጠገቡ ቆሜአለሁ። እሱም ተንበርክኮ እሺ አለ።

አርባ ቀን ያህል ንክች አላደረገም። ካርዱ ላይ «በጣም ጥሩ» ብዬ ጻፍሁ፤ የእኔን ቃል እንጂ የእሱን አልጻፍሁም። ከዚያ የሚካኤል ማግስት ቀጠሮው ቀረ። የሚቀጥለውም ቀረ። ደብሬ መጥታ «መኪናውን ለረዳቱ ትቶ ጠፋ» አለችኝ። ለረዳቱ ያለው ይህን ነበር፦ «ግዝት አፍርሻለሁ። እንግዲህ ልጆቼ መሀል ገብቼ መዓት ላውርድባቸው?» ስምንት ወር ፈልጋ ሩቅ ጠበል ቦታ አገኘችው፤ አእምሮው ተነክቶ፣ ደረቱን ታሞ፣ ሰውነቱ አልቆ። በዚያው ክረምት ሞተ።

ደብሬ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ክሊኒክ መጣች። ልትሰድበኝ የመጣች መስሎኝ ተዘጋጀሁ፤ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «ሲስተር» አለችኝ፣ «ሁለት ጊዜ ሲያጨስ መጥቶ ነግሮዎት ነበር አይደል? ሦስተኛውን እንዳይነግርዎ ምን ያዘው?» የእውነቷን ነው የጠየቀችው፤ አታውቅም ነበር። እኔ ግን አውቅ ነበር። የያዝሁት እኔ ነኝ። መምጫውን በር የዘጋሁበት እኔ ነኝ። ነገርኋት። አልቅሳ ሄደች፤ እኔም ያን ቀን ሌላ በሽተኛ ማየት አልቻልሁም።

ጋሼ ዋሴ ገጠር ገብተው ንብ ያረቡ ነበር። ሄጄ ሁሉንም ዘረገፍሁላቸው። አላጽናኑኝም፣ አልተቆጡኝም። ቀፎውን ከድነው መጡና ከጎኔ ተቀመጡ።

«ሲወድቅ የት ይምጣ ብለሽው ነበር?» አሉኝ።

«ምንም አላልሁትም። እንዳይወድቅ ነበር ሐሳቤ።»

«ሁሉም ይወድቃሉ፣ ዓለምነሽ። እኛ የምንሠራው እኮ ከዚያ በኋላ ላለው ነው።»

ከዚያ ወዲህ በሽተኛ ስቀበል ስለ ማቆም ከማውራቴ በፊት የካርዱን ጀርባ ገልብጬ የምጽፈው አንድ ነገር አለ፦ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚሄድበት ሰው ስም። ያ ስም ሳይጻፍ ሕክምና አልጀምርም። አዳዲስ ነርሶች «ገና ሳያቆም ስለ መውደቅ ያወራሉ» ብለው ያሙኝ ነበር። ይሙኝ።

ኋላ ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛወርሁ። እዚያ አንድ አለቃ ነበረኝ፤ ስሙን አልጠራም። አሮጌ አልጋ የተከመረበት፣ በር የሌለው ክፍል ሰጠኝና «ለሱሰኛ ይበቃል» አለኝ። ሰው ምስጢሩን በር በሌለው ክፍል አያወራም ብዬ ብነግረው አልሰማኝ አለ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ወንበሬን ተሸክሜ ቢሮው በር ላይ ተቀመጥሁ። በገባ በወጣ ቁጥር «እንደምን አደሩ» እለዋለሁ። በሳምንቱ በር ያለው ክፍል ተገኘ። ሌላ ጊዜ ፖሊሶች አንዱን ወጣት ካቴና አስረው ሲያመጡት ካቴናው ካልተፈታ አላየውም አልሁ። «ቢያመልጥስ?» አሉኝ። «ካመለጠ እኔን ውሰዱኝ» አልሁ። አላመለጠም፤ እንቅልፍ ነበር የራበው። መንገድ በሚዘጋባቸው ሳምንታት በሽተኞቼን በስልክ ነበር የምከታተል፤ ስልኩም ሲጠፋ በሚያልፍ ሰው ወረቀት እልክ ነበር። ሪፖርቱ ላይ ይህ የሚሞላበት ሣጥን አልነበረም፤ ሳልጽፈው አልፍ ነበር።

ጡረታዬ ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው ቄስ ይትባረክ ልጃቸውን አንተነህን ይዘው ፍኖተ ሰላም መጡ። ቄስ ይትባረክ ከቡሬ ወጣ ባለች ገጠር የሚቀድሱ፣ የተከበሩ አባት ናቸው። አንተነህ ቡሬ ውስጥ ብየዳ ቤት ይሠራል፤ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። ኮሌጅ ሳለ የጀመረው ጋንጃ ሥራውን ሊያሳጣው ደርሷል። ከአሠሪው ተጣልቷል፣ እጮኛው ትታዋለች። ወንበሬን አንሥቼ ከጎኑ ተቀመጥሁና ምን ይሰጥሃል አልሁት።

«ጸጥታ» አለኝ። «የአባቴ ድምፅ ጭንቅላቴ ውስጥ ዝም ይልልኛል።»

አባቱ ውጭ አግዳሚው ላይ ነበሩ። የካርዱን ጀርባ ገልብጬ፣ «ብትወድቅ መጀመሪያ ማን ዘንድ ትሄዳለህ?» ስለው፣ «ማንም የለኝም፤ እርስዎ ደግሞ በወሩ ይወጣሉ አሉ» አለኝ። ባዶውን ተውሁት። ሲወጡ ቄስ ይትባረክ ቀረብ ብለው፣ «ለመድኃኔ ዓለም፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በሕዝብ ፊት የንስሐ አባቱ ይገዝቱታል። እርስዎም ቢገኙልን ደስ ይለናል» አሉኝ።

መድኃኔ ዓለም ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው በሚኒባስ ቡሬ፣ ከቡሬ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሬ ቤታቸው ሄድሁ። አጥር ሥር ተቀምጠው መጽሐፍ ይደግሙ ነበር። ውኃ አቀረቡልኝ። እንዳያስገዝቱት ለመንኋቸው።

«ሲስተር፣ እርስዎ ክኒንዎን ያውቃሉ፤ ይህን ለእኛ ይተዉልን» አሉ።

«ግዝቱን አልነካም፣ አባ። ግን ቢወድቅ የት ይገባል? ቤተ ክርስቲያን አይገባ፣ እርስዎ ዘንድ አይመጣ።»

«ይወድቃል ነው የምትይኝ?» አሉ፤ ከንዴታቸው የተነሣ አንቱታውም ቀረ። «ልጄ ይወድቃል ብለሽ ነው እዚህ ድረስ የመጣሽ?»

«አዎ፣ አባ። ይወድቃል።»

ተነሥተው ቆሙ። አስወጥተው በሩን የሚዘጉብኝ መሰለኝ። እኔም ተነሥቼ፣ ቆመን፣ የሙላትን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኋቸው። የእኔንም ድርሻ አልደበቅሁም። የደብሬን ጥያቄ ስነግራቸው መጽሐፉን ዘግተው ተቀመጡ።

«ልጆቹ እንደምን ናቸው?» አሉኝ።

«እናታቸው ታሳድጋቸዋለች።»

«እንግዲህ እኔ ምን ልበለው?» አሉ።

«ከወደቅህ መጀመሪያ ወደ እኔ ና ይበሉት። ሌላ አልፈልግም።»

«ይኸ እኮ ውደቅ ማለት ይመስላል፣ ሲስተር።»

«አይመስልም። ልጅዎ ነው፤ ልዩነቱን ያውቃል።»

ግዝቱ ቀረ። ከመውጣቴ በፊት በነበረው ቀጠሮ አንተነህ መጣና ካርዱን ራሱ ገለበጠልኝ። «አባቴን ይጻፉ» አለኝ። «እራት ላይ ሳለን ነገረኝ። የያዘውን ጉርሻ ትሪው ላይ መልሶ ነው የነገረኝ፤ እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።» ጻፍሁ። ከዚያ እኔን የሚተካውን ነርስ አስተዋውቄው፣ ቀጠሮውን አስያዝሁ፤ በማግስቱም ያን ጋቢ አለበሱኝ።

ጡረታ አልተመቸኝም። ጓሮዬን እኮተኩታለሁ፣ ጎረቤቶቼን እቆጣለሁ። አራት ወር ያህል ስለ አንተነህ ምንም አልሰማሁም። አንድ ጠዋት ጎመን እየቀነጠስሁ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ቄስ ይትባረክ ናቸው፤ ብቻቸውን። ጥምጥማቸው ላይ የመንገድ አቧራ አለ። ፊታቸውን ሳይ የሙላት ክረምት ነው የመጣብኝ። ይግቡም ሳልል፣ «ልጁስ?» አልሁ።

«ወደቀ» አሉኝ።

«የት ነው ያለው?»

«ቤቴ ነው። ትናንት እህል ስናነሣ መጣ። ከቡሬ በእግሩ ነው የመጣ፤ ባጃጅ ስጠብቅ ሐሳቤን እለውጣለሁ ብሎ። ሰዉ ሁሉ እያየ፣ ‹አባቴ፣ አጨስሁ› አለኝ።»

«ራሱ መጣ?»

«ራሱ መጣ።»

«እሰይ!» አልሁ ሳላስበው። ካህኑ ደንግጠው አዩኝ። እንባዬ ግን ወርዶ ነበር፤ አልጠረግሁትም። ለሙላት ያላለቀስሁትን ነው መሰል።

«እርስዎስ ምን አሉት፣ አባ?»

መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እናቱን ውኃ አሙቂ አልኋት። ያን ሁሉ መንገድ የመጣበትን እግሩን አጠብሁለት።»

ነጠላዬን አነሣሁና ለተካኝ ነርስ ደወልሁ፤ ዛሬውኑ አምጡት አለ። ቄሱን አስከትዬ ልጁን ልናመጣ ወደ መናኸሪያ ወጣሁ።